የኦስተርዴል ቤተ ክርስቲያን ድምፅ ስትሰጥ

ብሩገማን ከዋናው ጽሕፈት ቤት የመጣው አራት መቶ ዓመት ያስቆጠረችውን የኦስተርዴል መንደር ሉተራን ቤተ ክርስቲያን በአቅራቢያው ከተማ ካለችው ትልቅ ቤተ ክርስቲያን ጋር ለማዋሐድ ነበር። ከፊት የተቀመጡትን ሰባት አረጋውያን በንቀት ቃኛቸው።

“ምእመን ተብዬው ይኼው ነው?”

“ጣራው ያፈሳል፣ ቄስም የለን፤ ቶሎ ጨርሰህ ሂድልን፣ ልጄ” አሉት ወይዘሮ ቲያርክስ።

ሰባቱም ድምፅ ሰጡ። ከሣጥኑ ግን ሰባት “እስማማለሁ”፣ ስድሳ ሦስት “አልስማማም” ወጣ።

“በዚህ ዕድሜያችሁ ማጭበርበር! አታፍሩም?” ብሎ ወረቀቶቹን ቀዳደዳቸው። “እንግዲያው በግልጽ ይሁን። የማይስማማ ይነሣ!”

ከሰባቱ አንድም ንቅንቅ ያለ የለም። ብሩገማን በፌዝ ፈገግ ብሎ መዝገቡ ላይ ሊፈርም ሲያጎነብስ፣ ከአረጋውያኑ ኋላ እስከ በሩ የተደረደሩት ባዶ ወንበሮች፣ ሰው ከላያቸው ሲነሣ እንደለመዱት፣ አንድ በአንድ ሲጢጥ አሉ።