ውብሸት ያመሰገነው ሸራ

መካኒኩ ኡበይዳ ከጎማው ላይ የፍሬኑን ታምቡር በሁለት እጁ አቅፎ ሲስበው ጥቁር ዱቄትና የፍሬን ሸራ ስባሪ ጋራዡ መሬት ላይ ተዘረገፈ። አንዱን ስባሪ አነሳና በአውራ ጣቱ ጫን አለው። እንደ ደረቀ ዳቦ ፍርክስ አለ።

የመኪናው ሾፌር ውብሸት አጠገቡ ቁጢጥ ብሎ ያያል። ከአዋሽ ተነስቶ ሰመራ እስኪገባ ድረስ የፍሬኑ ፔዳል ከእግሩ ሥር እየሰመጠ፣ የተቃጠለ ነገር እየሸተተው ነው የመጣው። ምናልባት አገጣጠሙ ይሆን ብሎ ጠየቀ፤ እንዲሆንለትም ተመኘ። ኡበይዳ ክሪኩን ወደ ሌላው ጎማ ጎተተ። ከሩብ ሰዓት በኋላ ሁለተኛው ታምቡር ወረደ። የዚህኛውም ሸራ ከዳር እስከ ዳር ተሰንጥቋል።

"ወላሂ፣ የገጠመው ሰው ጥፋት አይደለም" አለ ኡበይዳ። "ዕቃው ነው።"

ውብሸት አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሲነዳ በዝምተኛነቱ ነበር የሚታወቀው። ከሦስት ሳምንት በፊት ግን ይህን በቀይ ካርቶን የሚመጣ አዲስ ሸራ አስገጠመና በአራተኛው ቀን ፎቶውን በሾፌሮች የቴሌግራም ግሩፕ ላይ ለቀቀው። "ወገን፣ የማይጮህ፣ የማይግል፣ ረጋ አድርጎ የሚይዝ ሸራ አገኘሁላችሁ" ብሎ ጻፈ። አራት መቶ ሰው አውራ ጣቱን አነሳለት። አዋሽ ሻይ ቤት ሲገባ የማያውቃቸው ሰዎች፣ ውብሸት አንተ ነህ እንዴ እያሉ ወንበር ይስቡለት ጀመር። መለዋወጫ ሱቅ የሚሄደውም ሾፌር ሻጩን ማማከር ትቶ ስልኩን ባንኮኒው ላይ ያስቀምጥና "ይሄንን" ይላል አሉ። ሻጩ የድሮውን ዓይነት ቢያወጣ ዞር ብሎ የሚያየው የለም። ውብሸት ይህን ሲሰማ ደስ ብሎት ነበር።

ደራርቱም ሸራውን የገዛችው በእሱ ተማምና ነው። ተሳቢ መንዳት ከጀመረች ገና ሁለት ዓመቷ ነው፤ መንገድ ላይ ግራ ሲገባት የምትደውለው ለእሱ ነው። ትናንት ሸራውን አስገጥማ ፎቶ ልካለት ነበር። ዛሬ ጠዋት ደግሞ ሰሊጥ ጭና ከሰመራ ወደ ጅቡቲ ወጥታለች። ውብሸት በመንገዷ ላይ ከዲቾቶ ከተማ በፊት ያለውን ቁልቁለት አሰበና ስልኩን አወጣ።

ደወለ። አይገኝም። ደገመ። አሁንም አይገኝም። ስምንት ጊዜ ከሞከረ በኋላ ግሩፑን ከፈተ። ያኔ የጻፈው እዚያው አለ፤ ዛሬ ጠዋት እንኳ ሁለት ሰው አመስግኖታል። አጥፍቼው ዝም ብል ማን ያውቃል የሚል ሐሳብ ሽው አለው፤ በራሱም አፈረ። የተሰነጠቀውን ሸራ ፎቶ አንስቶ፣ ተሳስቻለሁ፣ ይህን ሸራ የገጠማችሁ ቁልቁለት አትውረዱ ብሎ ጻፈ።

መልሱ ወዲያው ጎረፈ። አንዱ ስንት ሰጡህ አለው። ሌላው የድሮውን ሸራ የሚያስመጡት ነጋዴዎች ገዝተውታል ሲል ጻፈ። ሌላው ደግሞ ሁለቴ ወደብ ደርሼ ተመለስኩበት፣ ምንም አልሆነም አለ። ለዚህኛው ሠላሳ ሰው አውራ ጣቱን አነሳለት።

ስልኩ ጮኸ። ደራርቱ ናት።

"ጋሽ ውብሸት፣ ኔትወርክ አልነበረም። ምነው፣ በሰላም ነው?"

"የት ደረስሽ?"

"ቁልቁለቱ አፋፍ ላይ። ልወርድ ነው።"

"እንዳትወርጂ። ዳር ያዢና ቁሚ።" ድምፁ ለራሱም እንግዳ ሆነበት። "ሸራው እየተሰነጠቀ ነው። የኔን አሁን ከፍተነው አየሁት።"

መኪናዋ ዳር ሲወጣ ጠጠሩ ሲንኮሻኮሽ ተሰማው። ከዚያ ሞተሩ ጠፋ።

"እርስዎ ነዎት እኮ ጥሩ ነው ያሉት" አለች። ቁጣ የለበትም፤ ልክ ሰዓት ተጠይቃ እንደምትናገር ነው ያለችው። "አሁን ምን ላድርግ?"

በአራት ቀን ልምድ ነበር ያን ሁሉ ሰው የመከረው።

"እኔ አላውቅም፣ ደራርቱ" አላት። "የሚያውቅ ሰው ላገናኝሽ።"

ስልኩን ለኡበይዳ ሰጠው። ኡበይዳ እጁን በጨርቅ ጠረገና ፔዳሉ ምን ያህል እንደሚሰምጥ፣ ጎማው አካባቢ ምን እንደሚሸታት አንድ በአንድ ጠየቃት። ጎማው ሥር ትልልቅ ድንጋይ እንድታደርግ፣ ታምቡሩ በራሱ እስኪበርድ እንዳትነካው፣ ውሃም እንዳታፈስበት ነገራት። የድሮውን ሸራ ይዘን እንመጣለን አላት። ከዚያ ስልኩን ለውብሸት መልሶ የሚወስዳቸው መኪና ፍለጋ ወጣ።

ደራርቱ አልዘጋችም። ድንጋይ ስትጎትት፣ ስታለከልክ ይሰማዋል። ነፋስም ይሰማል። ቀጥሎ ከሩቅ የከባድ መኪና ድምፅ መጣ።

"ማነው?" አለ ውብሸት።

"አላወቅኋቸውም። ሁለት ተሳቢ ናቸው፤ ተከታትለው እየመጡ ነው።"

"አስቁሚያቸው። ሸራቸው ምን እንደሆነ ጠይቂልኝ።"

ስትሮጥ ተሰማው። ቁሙ እያለች ስትጣራ፣ ሞተሩ ድምፅዋን ሲውጠው ተሰማው። አንዱ አለፈ፤ ሌላውም አለፈ። ሁለቱም ጥሩንባቸውን አንዴ አንዴ ነፉ።

"እጄን ባውለበልብላቸው" አለች ደራርቱ ትንፋሿ እየተቆራረጠ፣ "ሰላም ያልኳቸው መሰላቸው።"

ውብሸት ስልኩን ጆሮው ላይ አጥብቆ ያዘ። የሞተሮቹ ድምፅ ወደ ቁልቁለቱ እየወረደ፣ እየራቀ፣ እየቀጠነ ሄደ።