የኋላው ወንበር

ቤት መሬት ላይ ተተክሎ እንዳይቆም ከታወጀ ወዲህ አገሩ ሁሉ ኑሮው ጎማ ላይ ሆኗል። ከልጆቹ ጋር ጎማ ላይ ቦታ ያጣ አዛውንት ከከተማ ውጪ ወዳለው መጠለያ ይወሰዳል። ጉልላትም ቤት የሚያደርገውን አሮጌ አውቶቡስ ሊመርጥ እናቱን፣ እማማ ይርገዱን፣ ይዞ ወደ አንድ የአውቶቡስ ደላላ መጣ።

ደላላው ሁለት አሳየው። ረጅሙ ቀለሙ ቢላላጥም ሞተሩ ጤነኛ ነው፤ ከኋላ አንድ ተጨማሪ አልጋ ይችላል። አጭሩ ግን ለባልና ሚስት ብቻ ተለክቶ የተሠራ ይመስላል። ሚስቱ ጠዋት ስትሸኘው "እኔ ምንም አላልኩም፤ አንተው እወቅ" ብላዋለች።

ጉልላት ረጅሙ ስር አጎንብሶ ቆየና "እማዬ፣ የዚህ ሻንሲ ዝጓል፤ አይሆነንም" አለ።

አንድም ዝገት አላየም።

"አንተ ካልክ ይሁን፣ ልጄ" አሉ።

የአጭሩን ቁልፍ እንደተቀበለ ደላላው ከረጅሙ ውስጥ ተጣራ፤ "የማን ነጠላ ነው? የኋላው ወንበር ላይ ተነጥፏል!"

ጉልላት ክው አለ። ልጅ ሳለ በአውቶቡስ አገር ቤት ሲሄዱ እናቱ ተጋፍተው ቀድመው ይገቡና ነጠላቸውን አንጥፈው ለእሱ ቦታ ይይዙለት ነበር።

"ረስቼው ነው" አሉ እማማ ይርገዱ፣ ዐይኑን ሳያዩ። ነጠላውን ተቀብለው ለበሱት። ከዚያ የአጭሩን በር ዳበስ አድርገው መረቁ፤ "ሰው የማይጠፋበት ቤት ያድርግላችሁ።"

ደላላው ጮክ ብሎ "አሜን!" አለ። ጉልላት አንገቱን ደፋ።