የተረፈው ጭቃ

ወይዘሮ አልታየች ደብረ ብርሃን ላይ በርካሽ ከገዛቻቸው አሮጌ ቤቶች አንዱን ለኪራይ ልታደርስ ግድግዳውን እየመረገች ሳለ የቀበሌው ሊቀመንበር መጣ። «እትዬ፣ አዋጁን አልሰሙም? ትርፍ ቤት ተወርሷል። የሚኖሩበትን ግን ማንም አይነካብዎትም» አላት።

የምትኖርበት ቤት ግድግዳው ተሰነጣጥቆ ብርድ ይገባበታል። «መጀመሪያ የሚከራዩት ቤቶች ይጠገኑ፤ በስተርጅና የሚጦሩኝ እነሱ ናቸው» እያለች ስድስት ዓመት ስንጥቁን በጨርቅ ስትወትፍ ኖራለች።

ከመሰላሉ ወርዳ በእግሯ ያቦካችውን ጭቃ አየችው። «እንግዲያው የተረፈውን ለራሴ ቤት ልውሰደው?»

ሊቀመንበሩ አቀርቅሮ በእጁ የያዘውን ወረቀት አገላበጠ። «እሱም ለዚህ ቤት የተቦካ ነው።»

ጭቃው ሲደርቅ ለማየት አልጨከነችም፤ ተመልሳ መሰላሉን ወጣችና የመንግሥትን ግድግዳ መርጋ ጨረሰች።