የምናሴ ጠርሙስ

አስካለ ሁለቱን ጠርሙሶች አንዴ ወደ መስኮቱ ታነሳለች፣ አንዴ ጠረጴዛው ላይ ትመልሳለች። ሙሽራው ልጇ ናኦድ ከሳሎን «እማዬ፣ ሽማግሌዎቹ እየጠበቁ እኮ ነው!» ይላል።

በዝዋይ ሐይቅ ዳር ወይን የሚያለሙ ሰዎች፣ ልጅ በተወለደበት ዓመት የተጠመቀውን ቀይ ወይን አስቀምጠው በሠርጉ ቀን ይከፍቱታል። ጠርሙሱ ላይ መጻፍ ነውር ነው፤ ዓመቱን ምላስ ያውቀዋላ! በአስካለ ሠርግ የተከፈተው ወይን አፍ የሚያጨማድድ፣ ውሃ ውሃ የሚል ነበር፤ የተወለደችው ዝናቡ እስከ ጥቅምት አልለቅም ባለበት ዓመት ነዋ። ታላቅ እህቷ የድርቅ ልጅ ናት፤ ፍሬው በፀሐይ ስለኮሰመነ ወይኗ ደም መስሎ ምላስ ላይ ይከብድ ነበር።

የአስካለ ልጆች ግን የተወለዱት ሰማይ በሰው ትእዛዝ፣ በልክ ማዝነብ ከጀመረ በኋላ ነው። በረዶ የለም፣ ድርቅ የለም፣ የሚራብም የለም። ተመስገን ነው።

ከሁለቱ ጠርሙሶች አንዱ የምናሴ ነው፤ በልጅነቱ የሞተባት የበኩር ልጇ። እሱን መክፈት አልፈለገችም። ግን የቱ ነው? የአንዱን ቡሽ ነቀለችና ቀመሰች። ምንም አልነገራትም። ሌላውንም ከፈተች። ያው ነው።

ናኦድ ገባ። «የኔ የትኛው ነው?»

«እስቲ ቅመስና አንተ ንገረኝ።»

ከሁለቱም ጎንጨት አለና ሳቀ። «ያው ወይን ነው እማዬ፤ ምን ልዩነት አለው?»

አስካለ ሁለቱንም አንድ ጆግ ውስጥ ገለበጠቻቸው።

«በል ውሰድ» አለችው፤ «ወንድምህንም ቅዳላቸው።»