የኀሙስ ወተት

ላዳን የሦስተኛ ዲግሪ ትምህርቷን ከጀመረች አራተኛ ዓመቷ ነው። ትምህርቱ ባዮኬሚስትሪና ሞለኪውላር ባዮፊዚክስ ይባላል። ድሬዳዋ ውስጥ ሰፈሯ ያሉ ሰዎች ግን "ወተት የምትመረምረዋ" ነው የሚሏት። አልተሳሳቱም። የምታጠናው በግመል ወተት ውስጥ ያለ፣ ባክቴሪያ እንዳይራባ የሚያግድ አንድ ፕሮቲን ነው።

መጀመሪያ ላይ ሥራው ሰምሮላት ነበር። ከገበያ በገዛችው ጥቂት ወተት ፕሮቲኑን ለይታ አወጣች፤ እሱም ባክቴሪያውን አስቆመላት። ጥናቱ ሲሰፋ ብዙ ወተት አስፈለገ። የገበያው ደግሞ ውሃ እየተቀላቀለበት አስቸገራት። ስለዚህ ጀልዴሳ ካለችው ከአባቷ ታናሽ እህት፣ ከኤዶ ኪንሲ ማስመጣት ጀመረች። ኤዶ ኪንሲ ግመሎች አሏት። በየኀሙሱ ሁለት ጄሪካን በሚኒባስ ትልክላታለች።

"ይህ ሁሉ ያልቃል?" ብላ ጠየቀቻት አንድ ቀን በስልክ።

"ጠብታ አይተርፍም፣ ኤዶ።"

"ማሻአላህ። እንደሱ ነው። ከስተሻል ሲሉ ሰምቼ ነበር።"

ላዳን ስለ ፕሮቲን ማስረዳት ብትጀምር እንደማያልቅ ስላወቀች ስቃ ዘጋችው።

ፕሮቲኑን በምትለይበት የዩኒቨርሲቲው ማሽን ላይ ተራዋ ሰኞ ነው። ወተቱ እስከዚያ ፍሪዘር ውስጥ ይቆያል። ፍሪዘሮቹንና ጄኔሬተሩን የሚጠብቀው ዐብዲወሊ የሚባል የሦስት ልጆች አባት ነው። ሥራ የገባው የኤዶ ኪንሲ ወተት መምጣት በጀመረበት ወር ነበር።

ከዚያ ወር ወዲህ ፕሮቲኑ አልሠራ አለ።

አንድ ሰኞ፣ ሁለት ሰኞ፣ ሰባት ሰኞ። ኬሚካሎቹን ቀየረች። ዕቃውን ሁሉ እንደገና አጠበች። ባክቴሪያው ምንም እንዳልነካው ሳህኑን ሞልቶ ያድራል። በመጨረሻ የፕሮቲኑን ቅርጽ በመሣሪያ አየችው። ተፈትቷል። እንዲህ የሚፈታው ሙቀት ሲነካው ነው።

ድሬዳዋ ውስጥ ሙቀት የት አለ ብሎ መጠየቅ አያስፈልግም። መብራትም በሳምንት ሦስት አራቴ ይጠፋል። ላዳን ዐብዲወሊን ጄኔሬተሩ አጠገብ አገኘችው።

"መብራት ሲጠፋ ስንት ደቂቃ ቆይተህ ነው የምታስነሳው?"

"ወዲያው ነው።"

"ቅዳሜስ የት ነበርክ?"

"እዚሁ። መዝገቡን እዪው፣ አባዮ፣ እህቴ። በየሰዓቱ ፈርሜያለሁ።"

"መፈረም ቀላል ነው።"

ዐብዲወሊ እጁን በጨርቅ ጠርጎ ወደ ጄኔሬተሩ ዞረ። ላዳን መዞሩን ጥፋቱን እንደ ማመን ቆጠረችው።

ማታውኑ አማካሪዋ ዶክተር ዒጋል ደወሉ።

"ፍሪዘሩ ቢጠፋ እንኳ ክፍሉ ሠላሳ ስምንት ዲግሪ ቢደርስ ነው" አሉ። "የግመሏም ሰውነት ያንኑ ያህል ይሞቃል። ያ ብቻ ፕሮቲኑን ይፈታዋል?"

"ሁለት ሦስት ቀን ሲውል ሲያድርበትስ፣ ዶክተር? ሰውየው ነው። እርግጠኛ ነኝ።"

"እርግጠኛ ከሆንሽ ለአስተዳደሩ ጻፊ። ግን የመመረቂያሽ ኮሚቴ ከሰኔ በኋላ አይጠብቅሽም።"

ሁለት ገጽ ጻፈች። አራት ዓመት ሙሉ የዋጠችው ንዴት ሁሉ እዚያ ወረቀት ላይ ወጣ። በግዴለሽነት ጀመረች፣ በሐሰተኛ መዝገብ ጨረሰች። የዐብዲወሊ ውል የሚታደስበት ወር ነበር፤ ሳይታደስ ቀረ።

ቁልፎቹን ያስረከበው ለእሷ ነው።

"የጄኔሬተሩ ቁልፍ ጠበቅ ይላል" አላት። "ወደ ግራ ገፋ አድርገሽ አዙሪው።"

ቀና ብላ አላየችውም። እሱም የምሳ ዕቃውን አንጠልጥሎ ወጣ።

እስከ ሰኔ የቀራት አንድ ሙከራ ብቻ ነበር። በዚህኛው ማንንም ላለማመን ወሰነች። የበረዶ ሳጥን ተዋሰች፤ ፍሪዘሩን ራሷ ልትጠብቅ፣ ወተቱንም ራሷ ልታመጣ። ኀሙስ ማለዳ ለማንም ሳትነግር የመጀመሪያውን መኪና ይዛ ጀልዴሳ ወረደች። መንገዱን ሙሉ ሳጥኑን ጭኗ ላይ እንዳቀፈች ነበር። ከብዙ ሳምንታት በኋላ ልቧ ትንሽ ቀለል አላት።

ኤዶ ኪንሲ ደጃፏ ላይ ለገበያ የሚሄደውን ወተት፣ ገና ከመታለቡ አረፋው ያልጠፋውን፣ መኪና ላይ ስታስጭን ላዳን ደረሰች። አክስቷ አቅፋ ሳመቻት። ጉንጯን ዳስሳ ክሳቷን አየችና ራሷን ነቀነቀች።

"የእኔን ስጪኝ፣ ኤዶ። ሳይረፍድ ልመለስ" አለች ላዳን የሳጥኑን ክዳን እየከፈተች።

"ትንሽ ተቀመጪ፣ ልጄ። የአንቺው ገና ከእሳት አልወረደም።"