ዝናብ በጣለ ማግስት የገቡበት ባህር

«አላመነችኝም... አይደል?»

ጋሽ ኔቪል ይህን የጠየቁት ዓይናቸውን ከባህሩ ሳይነቅሉ ነው።

በቦርድ ማዕበል የሚጋልቡት የመንደሩ ሰርፈሮች በሙሉ ቦርዳቸው ላይ ቁጭ ብለው ውሃው ላይ ክብ ሠርተዋል... መሃሉ ላይ አበባ ይበትናሉ።

ለልጅ ልጃቸው ለብራዮኒ መሰናበቻ ነው። አሥራ ስድስት ዓመቷ ነበር።

ጓደኛዋ ታምሲን አሸዋው ላይ አጠገባቸው ቆማለች።

ከአውስትራሊያዋ ሲድኒ ወረድ ብላ ባለችው በዚህች መንደር፣ ጥሩ ማዕበል ሲመጣ እንግዳ እንዳይሻማቸው መዋሸት ያለ ነው።

«ሻርክ ታይቷል» ይላሉ... «ውሃው ተበክሏል» ይላሉ... እንግዳው ሲሄድ እየሳቁ ይገባሉ።

የውሸቱ አለቃ ደግሞ ራሳቸው ጋሽ ኔቪል ነበሩ።

የዚያን ቀን ግን የምራቸውን ነበር። ኃይለኛ ዝናብ ጥሎ የመንደሩ ፍሳሽ ባህር ገብቷል።

«ዛሬ እንዳትገቡ። ቫይረስ ይይዛችኋል» አሏቸው ሁለቱን ልጆች።

ታምሲን ሳቀች። ክፍል ውስጥ አንገቷን ደፍታ ትቀመጥ የነበረችው ልጅ ለትምህርት ቤቱ የሰርፍ ቡድን ከተመረጠች ወዲህ... ማን ይቻላት።

«ጋሼ፣ ይሄንን ለቱሪስት ይንገሩ።»

ሁለቱም ገቡ።

ብዙም ሳይቆይ ብራዮኒን ትኩሳት ጣላት። ቫይረሱ ልቧ ላይ ደርሷል፣ የያዛት ከዚያ ውሃ ሳይሆን አይቀርም አሉ ሐኪሞቹ...

አልተረፈችም።

«እየዋሸሁ አሳደግኳት» አሉ ጋሽ ኔቪል። «እውነት ስናገር በምን ትወቀው? እኔ ነኝ የገደልኳት።»

ታምሲን ዝም ብትል ማንም አያውቅባትም።

ፈራች... በጣም ፈራች።

«ጋሼ... አምናዎት ነበር።»

ዞር አሉ።

«‹አያቴ ሲዋሽ ጆሮውን ያካል፣ ዛሬ አላከከም፣ አንግባ› አለችኝ። እኔ ነኝ ፈሪ ብዬ ሰድቤያት ቀድሜ የገባሁት። እሷ... ‹ብቻሽንማ አልተውሽም፣ አንቺ ደነዝ› ብላ ተከተለችኝ።»

ሽማግሌው አሸዋው ላይ ቁጭ አሉ።

«አምናኛለች» አሉ... ደግመው፣ «አምናኛለች።»

ታምሲንን ግን ቀና ብለው አላዩዋትም።

ወዳጆቼ... ወደ አደጋ ስንሮጥ ብቻችንን የምንገባ ይመስለናል። የሚወደን ሰው ግን እያወቀም ቢሆን ይከተለናል። «ይቅርብሽ» ያለችሽን ጓደኛ ፈሪ አትበያት።

እናንተ በታምሲን ቦታ ብትሆኑ እውነቱን ትነግሯቸው ነበር... ወይስ ዝም ትሉ ነበር?

እስኪ ኮሜንት ላይ ሳትዋሹ ንገሩኝ...