የሦስት ቀን ማስጠንቀቂያ

ወጣቱ ተከራይ፣ ብዙ ሰው አብሮ የሚጫወትበት ጌም ሰርቨር እንዲሆን ያዘጋጀውን አሮጌ ኮምፒውተር ቁም ሳጥን ውስጥ ደበቀው። አከራዩ እትዬ ውድነሽ ካውያ እንኳ የሚከለክሉ ሴት ናቸው፤ ቀን ከሌት የሚሠራ ኮምፒውተር ካዩ ዕቃውን አውጥተው ደጅ ይጥሉበታል።

የግቢውን ዋይፋይ የሚጠቀም ሁሉ እንዲገባ ፈቀደ፤ የአድሚኑን ሥልጣን ግን ለራሱ አስቀረ። ጨዋታው ውስጥ መንደር ሠራና መግቢያው ላይ የእትዬን ሕግ ቃል በቃል ለጠፈ፦ «እንግዳ ማሳደር ክልክል ነው። ሚስማር መምታት ክልክል ነው።» ተከራዮቹ ገብተው ሲያነቡት በሳቅ ፍርስ አሉ።

«ምስኪኗ» የምትባል ተጫዋች ብቻ ሕጉን አክብራ ጥግ ላይ ጎጆ ቀለሰች። እሱም አከራይነቱ ጣፈጠውና አጥሯን አፈረሰባት፣ የተከለችውን ነቀለባት። ቅዳሜ ጠዋት ደግሞ «ልጄ ሊያገባ ስለሆነ ቤቱን ፈልጌዋለሁ፤ በሦስት ቀን ውስጥ ልቀቂ» ብሎ ጻፈላት።

ብዙም ሳይቆይ በሩ ተንኳኳ። እትዬ ውድነሽ ናቸው። ደንግጦ ቁም ሳጥኑን በጀርባው ከለለ። እሳቸው ግን ወደዚያ ዞር ብለውም አላዩም፤ መነጽራቸውን አስተካክለው ስልካቸውን ዘረጉለት። ለ«ምስኪኗ» የጻፈው ማስጠንቀቂያ ከነስሙ ስክሪኑ ላይ ተደቅኗል።

«ልጄ» አሉት ረጋ ብለው፣ «ለእኔ ሦስት ቀን ያንሰኛል። ያንተን ስንት ላድርገው?»